የመስኮቱ ቁመት

ዘጠና ሳንቲም ነው፣ ደንቡ እንደሚያዘው፤
ለቆመ ሰው ነዋ፣ ሕመም ላልያዘው።
አባቴ ተኝቶ አርባ አንድ ቀን ሙሉ
ያየው ጣሪያ ብቻ፣ ጣሪያና አምፖሉ፤
ዝናብ በኮርኒሱ የሳለውን ካርታ
«ይሄ ሚሌ መታጠፊያው ነው» አለኝ አንድ ማታ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ፣
ፊቱ ተዘርግቶ የአዋሽ የአፋር ሜዳ፣
መጨረሻው ሆነ ሁለት ሜትር ከሰባ፣
ቀለሙ የላጠ፣ ንፋስ የማይገባ።

ስለዚህ ሲመጣ ይህ የሆስፒታል ሥራ፣
ከቦኩ ተረተር ሥር፣ ከአቧራው ጎራ፣
አስቀድሜ አልሳልሁም በሩን፣ አጥሩን፣ ፊቱን፤
ቢሮ ወለል ላይ ተኛሁ፣ ልለካ መስኮቱን።
ፍራሹ ስልሳ ነው፣ ትራስ ዐሥር ቢጨምር፣
መስኮት ከሃምሳ በላይ እንዳይጀምር
ብዬ ጻፍሁ በእርሳስ።

የአዳማን ንፋስ ግን ማን በደንብ ይገዛል?
በጥር ጣራ ገልጦ ቆርቆሮ ይወስዳል።
በምሥራቁ በኩል ግድግዳ አቆምሁ፣
ቀዳዳ ጡብ ደርድሬ እንደ ወንፊት ሠራሁ፣
አቧራው እዚያው ቀርቶ ትንፋሹ እንዲያልፍ፤
የሳል ሕመምተኞች የሚያርፉበት ክንፍ
ነው እዚያ።

ሊፍቱን አላመንሁም። መብራት ይጠፋል።
መብራት ሲጠፋ ሰው መሞት አይተውም፣ መውለድም።
ስለዚህ ረጅም፣ ዘገምተኛ ተዳፋት፣
አንድ ነርስ ብቻዋን አልጋ የምትገፋበት፣
በሌሊት፣ በባትሪ፣ እስከ ማዋለጃው በር።

ከመጣልኝ ዝርዝር ውስጥ አስታማሚ የለም።
ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ፣ ሬሳ አለ፣ ጄኔሬተር አለ።
ፌስታል አንጠልጥላ ከአርሲ የመጣች እናት
የት ትተኛለች? አልተጻፈላት።
ጥላ ሰጠኋት፣ የሲሚንቶ መደብ፣
ልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ማስጫ ገመድ።
ከሬሳ ክፍሉ ጀርባ ደግሞ አንድ ጓሮ፣
ሰው የሚያለቅስበት፣ ድምፁን ሳያፍን፣
ዘበኛ «ውጡ!» ሳይል።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሃይላንድ ቀረበ።
ኢንጂነር መሐመድኑር መነጽሩን አወለቀ፤
«ይሄ የልቅሶ ጓሮ ስንት ካሬ ነው?»
«ሰማኒያ።»
«ስድስት መኪና ያቆማል» አለ።
ክፉ ሰው አይደለም። በጀት ነው የያዘው።
መደቡን አጥር በላው፣ ጓሮውን መኪና፤
መስኮቱ ተረፈ፣ አልታየምና፣
ከአሥራ ሰባተኛው ወረቀት ጥግ ላይ፣
ሃምሳ የምትል ቁጥር፣ ጉንዳን የምታህል፣
ማንም ሳያይ።

ባለፈው ግንቦት ነው፣ በምሳ ሰዓት።
ሦስተኛው ወለል ላይ፣ ገና ጥሬ ግንብ፣ ምሰሶ፣ ብረት።
በሬዱን አገኘኋት፣ አሸዋ አቀባይዋን፣
በሲሚንቶ ከረጢት አሳርፋ ጀርባዋን፣
አልጋ ቁጥር ስድስት ይሆናል ባልሁበት።
እሷ አላወቀችም፤ ድካሟ ነው የመረጠላት።

«ምን ይታይሻል?» አልኋት።
አልተነሳችም። አንገቷን ብቻ ዞር አደረገች።
«ያ ተራራው ላይ ያለው፣ በንፋስ የሚዞረው፣
ክንፉ ሦስት ነው አይደል?
ሁለቱ ይታዩኛል። አንዱን ተራራው ይበላዋል፣
ደግሞ ይመልሰዋል።»
ዝም አለች።
«ለሚቆጥር ሰው ጥሩ ነው።»

አባቴ የሚቆጥረው አጥቶ
የግሉኮሱን ጠብታ ነበር የሚቆጥረው፤
አንዳንዴ ይሳሳትና ከአንድ ይጀምራል።
ይህን አልነገርኋትም።

ፊሽካ ተነፋ። ተነሳች። ሻሿን አጠበቀች።
የጀርባዋ ልክ አቧራው ላይ ቀረ፣
ከንፋሱ በፊት ጥቂት ቆየ።
ሜትሬን አወጣሁ፣ ከወለል እስከ መስኮቱ አፍ።
አርባ ስምንት።
ሁለት ሳንቲም ወርዷል፣ የግንበኛው ስህተት።
መዝገቤን ከፈትሁ፣
ሃምሳ ብዬ ጻፍሁ።